ጢያ፦ ፊደል የሌለው መቃብር

ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50,000 ዶላር ሲለግስ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ደስታው ትልቅ ነበር። የአገሪቱ የጥንት ታሪክ ብራና ላይ ነው፤ ብራናውን የሚያነብ ከተገኘ ያለፈው ዘመን ይገለጣል የሚል እምነት አለ። ጢያ ግን በዚህ ቁልፍ አትከፈትም።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ምድር፣ ዩኔስኮ በ1980 የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። በ32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብና ቅጠል የሚመስል ምልክት ተቀርጿል፤ አንድም ፊደል የለም። ቅጠሉን እንሰት ነው የሚሉ አሉ። አካባቢው የእንሰት አገር ነውና ግምቱ ከእውነት የራቀ አይመስልም፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

«የግራኝ ድንጋይ» የሚለው ስማቸው የበለጠ ያነጋግራል። በዚያ አገር ስለ ጥንት ጦርነት ሲነሳ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው የኢማም አህመድ ስም ነው፤ ሰይፍ የተቀረጸበት ድንጋይም ለእሳቸው ተሰጠ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ሥፍራውን ሲቆፍሩ መቃብር አገኙ፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ተገመተ። የኢማሙ ጦርነት ከ1529 እስከ 1543 ነው። ስሙ ሟቾቹን ከነመቃብራቸው ለሌላ ሰው ታሪክ አስረክቧቸው ኖሯል።

በእነዚያው ዘመናት በእንግሊዝ ገጠር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም የመቃብር ክዳን ድንጋይ ይቀረጽ ነበር፦ መሐሉ ላይ መስቀል፣ አንዳንዴ ከጎኑ ሰይፍ፣ አንዳንዴ መቀስ። እዚያ ሰይፉን የወንድነት ወይም የማዕረግ ምልክት ነው ይሉታል እንጂ ማንም ሬሳ አይቆጥርበትም። ጢያ ላይ ግን አስጎብኚዎች የሰይፉ ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያል ይላሉ። ጎብኚ የሚወደው ታሪክ ነው። ነገር ግን ከድንጋዩ ይልቅ ከፉከራ የተቀዳ ንባብ ይመስላል፤ ገዳይነት በቁጥር የሚወደስበት ባህል ሰይፍ ሲያይ መቁጠሩ አይቀርም።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ አምደ ጽዮን ዘመቻቸውን በግዕዝ የጻፈላቸው ነበር። የጢያ ሟቾች የነበራቸው ድንጋይ ጠራቢ ነው። ጠራቢዎቹም እንዳሻቸው አልቀረጹም፤ ያው ሰይፍ፣ ያው ክብ፣ ያው ቅጠል ከድንጋይ ድንጋይ ይደጋገማል። በዘመኑ የሚያነበው ሰው ነበር ማለት ነው።