ቃሊቲ ላይ ቆማ የተገኘችው ቮልስ

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ በዚያ ቀን ቮልስዋገኑን አስነስቶ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናዋ በኋላ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ባለቤቷ ግን የለም። አስከሬን አልተገኘም፤ ሐውልት የሚቆምበት መቃብር የለም፤ «ታስሯል» ወይም «ሞቷል» የሚል ወረቀት ለቤተሰቡ የሰጠ መሥሪያ ቤትም የለም። የካቲት በመጣ ቁጥር ጥያቄው እንደገና ይነሣል። በዓሉን ማን ወሰደው? የት አደረሰው?

የሕይወት ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በኢሉባቦር ሱጴ ከህንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ተማረ፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። መነን፣ አዲስ ሪፖርተር፣ አዲስ ዘመንና ኢትዮጵያን ሄራልድ ብዕሩን ያውቁታል። «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962 አሳትሞ ስሙን ተከለ። በደርግ ዘመን ደግሞ እስከ ማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ።

ይህን ሹመቱን ሳያስታውሱ የመጨረሻ ዘመኑን መረዳት አይቻልም። በዓሉ ከመንግሥት ውጭ ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሰው አልነበረም። የመንግሥቱን ድምፅ ከሚያሰሙት አንዱ ነበር፤ ስብሰባውን ያውቃል፣ ሰዎቹን በስምና በጠባይ ያውቃል።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የኤርትራን ጦርነት ለመቋጨት የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲያውጅ፣ በዓሉ ከፕሮፓጋንዳው ክንፍ ጋር አስመራ ወረደ። የዘመቻው ዓላማ ሻዕቢያን ከናቅፋ ነቅሎ ማስወጣት ነበር። በሰው፣ በመሣሪያና በገንዘብ በኩል የተቆጠበ ነገር አልነበረም። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። ብዙ ወጣት ሳህል ተራሮች ላይ ቀረ፤ ዘመቻው ከሸፈ የሚል መግለጫ ግን ከየትም አልወጣም። ሬዲዮው ዝም ባለበት ሰዓት፣ የሬዲዮው አለቃ የነበረው ሰው ልቦለድ ጻፈ።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ኩራዝ የመንግሥት አሳታሚ መሆኑ ነው ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው። መጽሐፉ በስውር ማተሚያ ቤት የታተመ፣ ከውጭ የገባ በራሪ ወረቀት አይደለም፤ በፊት በር ገብቶ በፊት በር የወጣ ሥራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። እንደ ደራሲው ለዘመቻው አስመራ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን ትጠብቀዋለች፤ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ፍቅሩ፣ የስለላው ሽኩቻና የግንባሩ ውሎ እየተጠላለፉ ይሄዱና፣ አንባቢው በጋዜጣ ያልተነገረውን ሽንፈት በልቦለድ ገጽ ላይ ያገኘዋል። ባለሥልጣናቱ ሌላ ስም ለብሰው ይገባሉ፤ ቢሆንም አነጋገራቸውና አረማመዳቸው አልተለወጠም። የአዲስ አበባ አንባቢ «ይሄ እገሌ ነው፣ ያ ደግሞ እገሌ» እያለ በጣቱ ይቆጥር ነበር።

መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙም አልቆየም። የተሸጠው 500 ቅጂ ያህል ብቻ ነው፣ ሌላው ከየመደብሩ ተለቅሞ ተወሰደ ይባላል። የቀሩት ቅጂዎች በጋዜጣ እየተጠቀለሉ፣ ለአንድ ሌሊት እየተባሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። መንግሥት መጽሐፉን በሰበሰበ መጠን የሚፈልገው ሰው በዛ። ነሐሴ 1975 ላይ በዓሉ ከሥልጣኑ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አለ።

ስለነዚህ ስድስት ወራት የተጻፈው ጥቂት ነው። ሥራ የለውም፤ ደመወዝ የለውም፤ ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ አሉ። ከተማውን አልለቀቀም። በዘመኑ ከሹመት የወረደን ሰው ሰላም ማለት እንኳ ያስፈራ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። የእንዳለጌታ ከበደን «በዓሉ ግርማ፦ ሕይወቱና ሥራዎቹ»ን ጨምሮ ስለ እርሱ የተጻፉት ሥራዎች የሚያርፉት በቤተሰብና በወዳጅ ትዝታ ላይ ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በእነዚያ ወራት ስለ እርሱ ምን ብሎ እንደጻፈ የሚያሳይ መዝገብ ለአደባባይ አልበቃም። የቀረው ያቺ ማክሰኞና ያቺ ቮልስ ናቸው።

በከተማው ሦስት ዓይነት ወሬ ነበር፤ ዛሬም አለ። አንደኛው፣ የደኅንነት ሰዎች መንገድ ላይ ይዘው ያኑ ሌሊት ገደሉት ይላል። ሁለተኛው፣ ተይዞ ለወራት ምናልባትም ለዓመታት በስውር ከታሰረ በኋላ ነው የሞተው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በሕይወት አለ፣ አገር ጥሎ ወጥቷል የሚል ነው። ይህ የመጨረሻው ወሬ ለረጅም ጊዜ የብዙ ሰው ተስፋ ነበር፤ የሚወዱትን ሰው ሳይቀብሩ እርም ማውጣት ስለማይቻል።

መኪናዋ ግን ይህን ተስፋ አትደግፍም። በደብረ ዘይት መንገድ አገር ጥሎ ሊወጣ የተነሣ ሰው ገና ከከተማው ጫፍ ቃሊቲ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ሁሉም በሚያየው ዋና ጎዳና ዳር ጥሎ አይሄድም። ቢሄድስ? ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ዚምባብዌ ሲኮበልል፣ በዓሉን ከአገር የሚያርቀው ምክንያት ሁሉ አብሮ ሄዷል። በየአገሩ የተበተነው ስደተኛ ስልክ ደወለ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ብዙውም ተመለሰ። «ኦሮማይ» ራሱ በነፃነት ታትሞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ልጆቹን ጥሎ የወጣ አባት ይህን ሁሉ እያየ ዝም ይላል ማለት በዓሉን አለማወቅ ነው።

ስለ ረጅሙ እስርም እንዲሁ ነው። የደርግ እስር ቤቶች በሮች ሲከፈቱ የወጡት ሰዎች ማንን የት እንዳዩ፣ ማን ከማን ጋር እንደታሰረ፣ ማን በየትኛው ሌሊት ስሙ ተጠርቶ እንደወጣ በዝርዝር ተናግረዋል። የበዓሉ መልክ በአገሩ የታወቀ ነበር። ለዓመታት ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዱካው ይህን ያህል አይጠፋም ነበር። ሁሉም ተደምሮ ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው ወሬ ያደላል፤ መንገድ ላይ ተያዘ፣ ብዙም አልቆየም።

በ1984 ዓ.ም. የሆነው ነገር ደግሞ ጥያቄውን አብሶታል። በዚያ ዓመት ተደብቀው የነበሩ መቃብሮች አንድ በአንድ ተገኙ። የንጉሠ ነገሥቱ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ወጣ። በ1971 የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አጽማቸው ተገኝቶ በክብር አረፈ። በዚያው በ1971 ሐምሌ ወር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው የተወሰዱት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከ13 ዓመት በኋላ ቤተሰባቸው አጽማቸውን አግኝቶ ቀበረ። የት እንደተቀበሩ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ተጠየቁ፤ ቦታውን አሳዩ። በዓሉ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የጠፋው። የያዙት ሰዎች በሕይወት፣ ትዝታቸውም ትኩስ መሆን በነበረበት ጊዜ፣ የእርሱን ቦታ ያሳየ አልተገኘም።

መንግሥት የተለወጠበት አገር መዝገብ ይጠፋበታል ሊባል ይችላል። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰነድ ሰብስቦ ነበር፤ የደርግ ሹማምንት ራሳቸው በጻፏቸውና በፈረሙባቸው ወረቀቶችም ተከሰውበታል። ዋናው ክስ 12 ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ አገኘ። በአገሪቱ ከታወቁት ደራስያን የአንዱ መጥፋት ግን ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላም እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የበዓሉ ቤተሰብ በስሙ ፋውንዴሽን አቋቁሞ ስሙንና ሥራውን ሲያስታውስ ቆይቷል። «ኦሮማይ»ም በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ውስጥ ታተመ። አሁን ፊያሜታን የሚያውቃት፣ አማርኛ የማያነበውም ሰው ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶም የደራሲውን መጨረሻ ይጠይቃል።

መልሱ የሚገኝበት የሕግ በር አልተዘጋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች መካከል ሰውን በአስገዳጅ መሰወርን በስም ጠቅሶ፣ ክሱ በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፍ ደንግጓል። በ1976 በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ወጣት መኮንን የነበሩ ሰዎች ዛሬ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎች ናቸው። የካቲት 6 ምሽት ቃሊቲ ማን ተረኛ እንደነበረ፣ መኪናዋን ማን እንዳገኛትና ለማን እንዳስረከበ የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው ካለ፣ ቃሉ አሁኑኑ ሊመዘገብ ይገባል። ከልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀረው ሰነድም ለተመራማሪ ይከፈት፤ በዓሉን የሚሹት ልጆቹ ብቻ አይደሉም።