የደዋዩ እንጀራ

በእንግሊዝ አገር የደወል ደዋዮች ማኅበር የሚባል ነገር አለ። ቀልድ አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1637 ተቋቋመ የሚባለው አንዱ እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ በ1891 ደግሞ የየአውራጃውን ማኅበራት የሚያስተባብር ማእከላዊ ምክር ቤት አቁመዋል። (ዓ.ም. ያላልንበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አንዱ ሰው አንድ ገመድ ይይዛል፤ ደወሎቹ በተራ ይመታሉ፤ ተራው ግን በየዙሩ ይለዋወጣል እንጂ አይደገምም። ደወሎቹ ሰባት ቢሆኑ 5040 ዓይነት ተራ ይወጣቸዋል፤ ይህን ሳይስቱ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዜማ ይልቅ ሒሳብ ነው ቢባል ይቀላል።

እኛስ? በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራ፣ ወደ ደቡብ ዘልቆም በቦንጋ፣ እንዲህ ያለ ማኅበር ብንፈልግ አናገኝም። የጽዋ ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ዕድር አለ፤ የደዋይ ማኅበር ግን የለም። ደዋያችን አንድ ሰው ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጭቃውን ረግጦ ሄዶ ገመዱን ይስባል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ይነቃል፣ እሱን ግን ማንም አያስታውሰውም። ታዲያ ታሪክ የለውም ማለት ነው? አለው እንጂ። ደወሉ በአንድ እጅ ቢመታም የዚያ እጅ እንጀራ የሚመጣው ከሌላ ብዙ እጅ ነው። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ደወሉ መቼ ተሰቀለ ብለን ሳይሆን ደዋዩን ማን አበላው ብለን ነው።

ደወላችን መጀመሪያ ብረት አልነበረም፤ ድንጋይ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በየቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደወል እንዳየ ጽፏል፤ የብረቱም ነበር፣ ግን ሥራው አላማረውም። ድንጋዩ ረጅምና ስስ ሆኖ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል። በጣና ገዳማት ዛሬም ይገኛል። መረዋ የምንለው ትልቁ ደወል ከባሕር ማዶ እየመጣ የተስፋፋው ኋላ ነው። አንድ ነገር ደግሞ እናንሣ፤ በግዕዝ ደወል ማለት ወሰን፣ አውራጃ ማለትም ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ዘር ናቸው ብለን አንከራከርም። ነገር ግን በጅማ በኩል ታሪኩን ስናየው ደወል ሲሰማ ወሰንም አብሮ መጥቷል።

ከዚያ በፊት በዚህ አገር የክርስትና ድምፅ ፈጽሞ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ዛሬ ሊሙ በምንለው በኩል የነበረው የእናርያ ገዥ በ1588 በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ተጠምቋል። በካፋም የጥንት ክርስትና ርዝራዥ ቆይቷል፤ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ማስያስም በ1859 ካፋ ገብቶ በ1861 ተባሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የጊቤ መንግሥታት፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ እስላም ሆኑ (ጎማ ስንል አገሩን ነው፣ የመኪናውን አይደለም፤ እሱም ወደ በኋላ ይመጣል)። በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚሰማው አዛን ነበር።

ቀጥሎ የምኒልክ ዘመቻ መጣ። በ1882 እምባቦ ላይ ራስ ጎበና ጎጃሜውን ድል ካደረጉ ወዲህ የጊቤ አገሮች አንድ በአንድ ገቡ። የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ግን ብልህ ነበሩ፤ በ1884 ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አተረፉ። እንዲያውም በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋን ሲወጉ የጅማ ጦር አብሮ ዘምቷል። በዚህም ምክንያት ወታደርና ቄስ አስቀድሞ በብዛት የሰፈረው በጅማ ዙሪያ እንጂ በጅማ አልነበረም። አባ ጅፋር በ1932 ሲሞቱ የጅማም ራስ ገዝነት በዚያው ዓመት አበቃ።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈሩ ጋር መጣ፤ መሬቱም ተሸነሸነ። የሰሞን መሬት ለቄሱ፣ ለዲያቆኑ፣ ለደብተራውና ለሌላውም አገልጋይ እንደ አገልግሎቱ ተሰጠ። ደዋዩ ያለው ‹ሌላውም› በሚለው ውስጥ ነው። መሬቱን የሚያርሰው ግን ገባሩ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ቋንቋው ኦሮምኛ ወይም ካፍኛ፣ ሃይማኖቱም ሌላ። ይህን ቆም ብለን እናስበው። ሌሊት የሚደወለው ደወል ለገባሩ ‹ና ጸልይ› አይለውም። እሱን የሚመለከተው የሚደውለውን ሰው እህል ማምረቱ ነው። በዝርዝሩ ታች ያለው ደዋይና ከዝርዝሩ ውጭ ያለው ገባር በአንድ ደወል ነቅተው እየተነሡ እርስ በርሳቸው አልተዋወቁም።

ቡናውስ? ይኸኛው ያስቃል። ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ነው እየተባለ በካህናቱ ዘንድ ሲነቀፍ ኖሮ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አልላላም። ከዚያ ወዲህ ግን ክርስቲያኑም ጠጣው፣ ባለ መሬቱም ሸጠው፤ በቡና አገር ለቤተ ክርስቲያን ስለት የሚገባው ምንጣፍና ጥላ፣ ሻማና ደወል ያው የተነቀፈው ቡና ዋጋ ሆነ። ለቤተ ክርስቲያንም ውጉዝ የነበረው ፍሬ ባለ ውለታዋ ሆኖ አረፈ።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. መጥቶ ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ መንገድ ጠረገ፣ እስላሙን ለመሳብም መስጊድ አሠራ። መንገዱ ጭነት መኪና አመጣ፤ ያረጀ ጭነት መኪና ደግሞ ቸርኬ ትቶ ይሄዳል። በገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ከዛፍ ተንጠልጥሎ በብረት የሚመታውን ቸርኬ ያውቀዋል። መረዋ ለመግዛት አቅም ያጣው የገጠር አጥቢያም ይህንኑ ሰቀለ። ድምፁ አያምርም፤ ግን ይጠራል። እኛ እንዲያውም ለጥንቱ ድንጋይ ከመረዋው ይልቅ ቸርኬው ይቀርበዋል እንላለን፤ ሁለቱም ከአካባቢው ከተገኘ ነገር የተሠሩ ናቸውና።

ትልቁ ለውጥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የሰሞኑም መሬት አብሮ ሄደ። ገባሩ ተገላገለ፤ ያ ያስፈልግ ነበር፣ አንከራከርበትም። ደዋዩ ግን በማግሥቱም ሌሊት ተነሥቶ መደወል ነበረበት። በምን ደመወዝ? መልሱ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ የወጣው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ምእመኑ ተመዝግቦ በሚከፍለው መዋጮ አጥቢያው ራሱን እንዲችል አደረገ። የደንቡ ስም ‹ቃለ ዐዋዲ› ይባላል፤ የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። የደዋዩ እንጀራ ከገባሩ ጎተራ ወጥቶ ሰሚው ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የእንግሊዞቹን የመሰለ ማኅበር ባይሆንም የኛ የደወል ማኅበር ይኼ ነው፤ አባሎቹ ደዋዮቹ ሳይሆኑ ሰሚዎቹ ናቸው።

ችግሩ የሰሚው ኪስ ቡና መሆኑ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ በ2001 ግድም ደግሞ የዓለም ዋጋ ሲወድቅ፣ አጋሮ ላይ የሚጎድለው የነጋዴው ገቢ ብቻ አልነበረም፤ መዋጮውም አብሮ ይሳሳል። ዋጋው የሚቆረጠው ኒውዮርክ ነው፤ ደዋዩ ግን ኒውዮርክን አያውቃትም፣ እሷም አታውቀውም።

በነዚህ ከተሞች ጠሪው አንድ ብቻ አይደለም። ሌሊት አዛኑና ደወሉ ይከታተላሉ፤ ዛሬ ሁለቱም በድምፅ ማጉያ ስለሆኑ አንዳንዴ አንዱ አንዱን ይሸፍነዋል። ሰው ሲሞት ደግሞ የዕድር ጡሩንባ ነፊ ይወጣል፤ እሱ ሲጠራ እስላምም ክርስቲያንም ድንኳን ተሸክሞ ይመጣል። ይህ ሁሉ እያለ በ1999 ዓ.ም. መባቻ በበሻሻና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። ‹ድሮም ተዋደን ኖረናል› ብቻ ብለን ብናልፈው ለራሳችን መዋሸት ነው፤ ገባሩ የሰማው ደወልና ባለ ሰሞኑ የሰማው ደወል አንድ እንዳልነበረ ከላይ አይተናልና።

ዛሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ከዳውሮም ከሌላም አገር የመጣው ለቃሚ ሲነጋ ቅርጫቱን ይዞ ይወጣል። ሰዓት የለው እንደሆነ በአዛኑ ወይም በደወሉ ይነሣል፤ የትኛው ቀድሞ እንደቀሰቀሰው ግን አይጠይቅም፤ ሥራው የሚከፈለው በሚዛን ነውና። ደዋዩ በዚያ ሰዓት ገመዱን አስሮ ከደጀ ሰላሙ ወጥቷል፤ ከወሩ መጨረሻ በፊት መዋጮው ከገባ ይከፈለዋል።