የቤት ጥንቸልና ዕቃ መቆርጠም

የቤት ጥንቸል የወንበር እግር፣ የምንጣፍ ጠርዝና የኤሌክትሪክ ገመድ የምትቆረጥመው በተፈጥሮዋ ነው። 28ቱም ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ፤ የፊቶቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ስለዚህ መቆርጠሙን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው ወደማይጎዳ ነገር መመለስ ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለገመድ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበትን ገመድ ከነከሰች ልትሞት፣ ቤቱም በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ገመዱን ከማትደርስበት ከፍታ ላይ ማሰር ወይም በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። መራራ ርጭት ብቻውን አያስተማምንም፤ ጣዕሙን ከምንም የማይቆጥሩ ጥንቸሎች አሉ።

ድርቆሽ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይጥፋ። የመንጋጋ ጥርሶቿን በወጉ የሚሞርደው ረዥሙን ሣር ወደ ጎን እያላመጠች ማድቀቋ ነው፤ እንጨት ይህን አይተካም። ከድርቆሹ ጋር ኬሚካል ያልነካው የፖም ቅርንጫፍ ወይም ማጣበቂያና ፕላስቲክ የሌለበት ካርቶን ይቀርብላታል።

በጠባብ ጎጆ ተዘግታ የምትውል ጥንቸል አጥፊነቷ ይብሳል፤ በየቀኑ መፈንጨት አለባት። ማምከንም ብዙዎቹን ያረጋጋል። መምታት ግን ጭካኔ ነው፤ ፍርሃት እንጂ ሌላ አያስተምራትም። ምግብ ከተወች ወይም ለሃጯ ከተዝረከረከ ጥርሷ ታሞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።