ከስፋቱ ይልቅ ቀለሙ

ለትዝታ አልበም ሰፊ ፕሪንተር ሲመረጥ ስፋቱ ቀላል ነው፤ ገጹ 12 በ12 ኢንች ከሆነ 13 ኢንች የሚያትም ይበቃል። ከባዱ ቀለሙ ነው። ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ በ126,000 ዶላር የገዛው አይሪስ 3047 የተሠራው ለማተሚያ ቤቶች የሙከራ ቅጂ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ወፍራም የሥዕል ወረቀት እንዲቀበል ለወጡት (እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ሀክ የምንለው ይሄንን ነው)፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ናሽ ኤዲሽንስን ከፈቱ። ሕትመቱ ያምራል፤ የሚሟሟው ዳይ ቀለም ግን ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። የሙከራ ቅጂ ዓመታት እንዲቆይ ማን ይጠብቃል? በ2000 ኤፕሰን 13 ኢንች የሚያትመውን 2000ፒ በፒግመንት ቀለም አወጣ። ፒግመንት የማይሟሟ ጠጣር ቅንጣት ስለሆነ ብርሃንን የበለጠ ይቋቋማል። ዛሬም ዳዩ ረከስ ይላል። እናቴ አልበም ውስጥ የሚገባው ግን አባቴ ያለበት ብቸኛው ፎቶ ነው፤ ፒግመንቱን አዘዝኩ።