ብል የተባለው ሁሉ

የዘጌ ሰው በወጉ አያርስም፤ ቡናውንና እንጨቱን በደንገል ታንኳ ባሕር ዳር አድርሶ እህል ሸምቶ ይመለሳል። እናቴም እንዲያ ኖራለች። ከሸመተችው በቆሎ ጋር አንዲት ገርጣ ያለች ትንሽ በራሪ ጎታችን ገብታ ትረባ ነበር። ስሟ ብል ነው። በርኖስ የምትበሳዋም ብል፣ ማታ ከሐይቁ ወጥታ ኩራዙን የምትዞረውም ብል።

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የእናቴ መላ አንድ አልነበረም። በርኖሱንና ባናውን ፀሐይ ላይ አስጥታ ታራግፋለች፤ በቆሎውን ግን ከጤፍ ትደባልቀዋለች። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ በራሪዋን መተላለፊያ ያሳጣታል፤ ራሱ ደግሞ ከማነሱ የተነሳ ትል አያሳድግም። ኋላ የእህል መጋዘን ሠራተኛ ሆኜ በማጉያ መነጽር ማየት ስጀምር፣ የእናቴ አከፋፈል ከሊቃውንቱ ጋር ገጥሞ አገኘሁት።

የበርኖሷ ወርቅማ ናት፤ ራሷ ላይ የተንጨፈረረ ጠጉር አላት፤ ብርሃን ስታይ ትሸሻለች። በላተኛው እሷ ሳትሆን ትሏ ነው፤ እሱም ሱፍ፣ ላባና ጠጉር እንጂ ንጹሕ የጥጥ ጋቢ አይደፍርም። የእህሏ ሌላ ቤተሰብ ናት፤ ከፊቷ ሁለት ነገሮች እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ይቀለበሳሉ፣ የኋላ ክንፏ ጫፍ ይሾላል፣ ዳሩም ረጅም ጠጉር አለው። ትሏ ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ያድጋል፤ ክብ ቀዳዳ ያያችሁ ዕለት በራሪዋ ወጥታ ሄዳለች።

ይችኑ ፈረንሳዮች በመከራ ነው ያወቋት። አንጉሙዋ በሚባል አውራጃ እህል ስላጠፋች፣ በ1760 እ.ኤ.አ. የሳይንስ አካዳሚያቸው ዱሃሜል ዱ ሞንሶንና ቲዬን ላከ፤ በ1762 መጽሐፍ አሳተሙ፤ እህሉን በምድጃ አሙቁት አሉ። ሳይንሳዊ ስሟን ኦሊቪዬ የሰጣት በ1789 ነው። ምድጃ ማገዶ ይፈጃል፤ እኔ የእናቴን ጤፍ እመርጣለሁ።

ዛሬ እህል ውስጥ ክኒን የሚጥለው ብዙ ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ከሆነ ይገድላል። አንዲት ጎረቤቴ አምፖላቸውን የወረረ በራሪ አይተው ክኒን ሊገዙ ተነሡ።

«እትዬ፣ እስቲ በጣትዎ ይጫኑት» አልኋቸው። ዱቄት አልወጣም። የእሳት እራት ቢሆን ከክንፉ ዱቄት ይቀር ነበር፤ የዚህ ክንፍ ጠጉር ብቻ ነው።

«ትሉ ያደገው ጣና ውስጥ ነው፤ እህልም በርኖስም አይበላም።»

«ታዲያ እቤቴ ምን ሊበላ መጣ?»

«መብራቱን አይቶ ነዋ!»