ሳማ፦ ከአርጩሜ እስከ ጨጓራ መድኃኒት

የከተማ ልጅ ሳማን የሚያውቀው በቅጣት ነው። ኳስ ፍለጋ አጥር ሥር የገባ እግር የሚለበልብ፣ ወይም «ሳማ ነው የማመጣልህ!» ተብሎ የሚያስፈራራ ቅጠል። ደገኛ አያት ያላችሁ ግን ሌላም ሰምታችኋል፤ ሳማ ለጨጓራ መድኃኒት ነው።

እስቲ ከስሙ እንነሳ። በሳይንስ የኛ ሳማ «ኡርቲካ ሲሜንሲስ» ይባላል። የመጀመሪያው ቃል «ማቃጠል» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ሁለተኛው የስሜን ተራሮቻችን ስም ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ ዕፅዋት እየሰበሰበና እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እስከመስጠት አቅርበውት፣ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት እዚሁ ኖረ። ለሚልካቸው ዕፅዋት ስም ያወጣ ከነበሩት አንዱ ሆችስቴተር ሲሆን የሳማም ስም የሱ ነው። ስሙን ያሳተመው ደግሞ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው፤ ከ1847 እስከ 1851 በወጣው የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፉ።

እንግዲህ ቅጠሉ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ባለሙያዎቹስ? ደብተራዎች የመድኃኒት መጻሕፍት ነበሯቸው። የእናቶች መጽሐፍ ግን ምድጃቸው ነበር። በስሜንም በሰሜን ሸዋም ለጋው ቅጠል እጅ እንዳይነካው በጥንቃቄ ይለቀማል፤ ይቀቀላል፤ ይታሻል፤ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት ተጨምሮበት ወጥ ይሆናል። እሳት ካገኘው አይለበልብም። በጾም ይበላል፤ ጨጓራ የታመመም ይበላዋል፤ በክፉ ቀን፣ ጎተራ ሲራቆት፣ ነፍስ አቆይቷል። «የድኻ ምግብ» የሚለው ስምም የተለጠፈበት ከዚሁ የተነሳ ነው። ድኽነቱን ስንሸሽ ሙያውንም አብረን ጣልነው።

የማቃጠሉ ምስጢርስ? የሳማ ፀጉሮች እንደ መርፌ ውስጣቸው ክፍት ነው። ኤመሊንና ፌልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1947 በአውሮፓው ሳማ ፀጉር ውስጥ ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን የተባሉ ኬሚካሎች አገኙ። በ2000 ደግሞ የእንግሊዝ ሐኪሞች የአውራ ጣት ሥር መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው 27 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የሚያማቸውን ቦታ በሳማ እንዲያስለበልቡ አደረጉ። ሕመማቸው ከማይለበልብ ቅጠል ይልቅ በሳማ በይበልጥ ቀነሰ። እኛ የተገረፍንበት ቅጠል እዚያ ሕክምና ሆኖ ተሞከረ ማለት ነው!

ግን አንቸኩል። የእንግሊዙ ሳማ የኛው ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም፤ የጣት ሕመምም ጨጓራ አይደለም። ብዙ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ይህን ያሳዩት ማርሻልና ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል። መድኃኒቱም ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ ነው። ስለዚህ የሳማ ወጡን ብሉ፤ ምርመራውን ግን አትተዉ።

የአያቶቻችን እውቀት ማዘዣ ወረቀት ባይሆንም ፍንጭ ነው፤ ፍንጭ ደግሞ ካልተጻፈ ይጠፋል። ሺምፐር ቅጠሉን አድርቆ አስቀምጧል። አሠራሩ ግን ያለው በአሮጊቶች እጅ ነው። ለበዓል አገር ቤት ስትወርዱ ጠይቋቸው፦ የትኛው ቅጠል? በየትኛው ወር? ስንት ጊዜ ተቀቅሎ? ለምን ሕመም? የነገሯችሁን ጻፉት፤ የነገረቻችሁንም ሴት ስም አብራችሁ ጻፉ።