ውል የመለሳት የወንዝ ዳር ከተማ

ከባንኮ ጎቲቲ የሚነሣ ቡና በዲላ አድርጎ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ እስከ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል። የጌዴኦ ገበሬ ልፋት ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው ባሕር ሲሻገር ነውና የወደብ ነገር ከጓሮው የራቀ ጉዳይ አይደለም። የምዕራቡ የአገራችን ክፍል ቡና ግን አንድ ዘመን ወደ ውጭ የሚወጣው በወንዝ ነበር። በሩም ጋምቤላ ነበረች።

ከወንዞቻችን መካከል ለመርከብ የተመቸው ባሮ ነው። ባሮ ከሶባት፣ ሶባት ከነጭ ዓባይ ይገናኛል፤ መንገዱም ካርቱም ያደርሳል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪንግተን ጋር የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ በአራተኛው አንቀጽ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጠ። ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው።

ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መርከቦቹ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ከጎሬና ከሳዮ በጭነት ከብት የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም ከተሙባት። በጋ ሲሆን ውኃው ይጎድላል፤ ወደቡም እስከ ከርሞ ጭር ይላል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። በኢትዮጵያ ምድር ላይ የባዕድ አስተዳደር ተተከለ። የወሰኑ መስመርም በወንዙ ዳር የኖሩትን አኙዋንና ኑዌርን ለሁለት መንግሥት አካፈላቸው። የእነርሱ ፊርማ በውሉ ላይ የለም።

ዳሩ ግን ያው አንቀጽ ሁለት ብርቱ ቃሎች ነበሩት። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም፤ ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። በ1894 ዓ.ም. ይህን የሚጽፍ ሰው የእንግሊዝ ግዛት አንድ ቀን እንደሚያልፍ አስቦ ይሁን አይሁን፣ ቃሉ ሥራውን ሠራ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ በማግሥቱ ዓመት ጋምቤላ ጥይት ሳይተኮስ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ንግዱ ግን ወደ መኪና መንገድ አዘነበለ፤ የመርከቡም ዘመን እየደበዘዘ ሄደ።

ቻይናውያን በቱዎ ወንዝ ዳር የምትገኘውን ፌንግኋንግን፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ አሮጌ ቤቶቿን ጠብቀው ለጎብኚ ያሳያሉ። እኛም ጋምቤላ ሄደን ከድልድዩ ላይ ባሮን ስንመለከት ያን አንቀጽ ብናስታውስ መልካም ነው። አገራችን ዛሬም የወደብ ጉዳይ ያሳስባታል። ወደብ የሚከራይም የሚያከራይም መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም መጻፍ እንዳለበት ጋምቤላ ምስክር ናት።